ፊኛው እስኪተነፍስ

ሰው በባዕድ አገር የሚያረጅበት መንገድ ብዙ ነው። አንዱን ሙቀት ያስረጀዋል፤ ጅቡቲ ደግሞ ለዚህ የሚበቃ፣ ተርፎ ለጎረቤት የሚሰጥ ሙቀት አላት። ሌላውን ናፍቆት ያስረጀዋል፣ ሌላውን ጫት። እኔን ያስረጀኝ ፈረንሳይኛ ነው። አትሳቁ፣ የምሬን ነው።

አባቴ ድሬዳዋ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነበር። ፈረንሳይኛ ከያዝኩ መቼም እንደማልራብ አምኖ በአለንጋም በከረሜላም አስተማረኝ። እውነቱን ነው፣ አልተራብኩም። ጅቡቲ ወደብ አጠገብ ባለ አንድ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ የአገሬን ዕቃ ከመርከብ ወደ መኪና ሳሳልፍ ፀጉሬ ሸበተ። አባቴ ያልነገረኝ ግን አንድ ነገር ነበር። በስደት አገር «ሰይፉ እኮ ፈረንሳይኛ ያውቃል» የሚል ወሬ አንዴ ከወጣባችሁ እረፍት የሚባል ነገር አበቃ። ፖሊስ ጣቢያ እናንተ ናችሁ። የቤት ኪራይ ጠብ ላይ እናንተ ናችሁ። ሚስቱን ሊፈታ የቆረጠ የከባድ መኪና ሾፌር የተሳደበውን ሁሉ ለዳኛው በጨዋ ፈረንሳይኛ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ጥርስ ሲነቀል ሳይቀር አስተርጉሜያለሁ። አፉ ተከፍቶ የሰው እጅ የገባበት ሰው ምን ይናገራል? «አአአ» ይላል። «አአአ ይላል» ብዬ ለሐኪሙ ነገርኩት። ሐኪሙም አመሰገነኝ።

ከሁሉም የሚያደክመው ግን ሆስፒታል ነው። ሐኪሙ ጠጋ ብሎ «የት ጋ ነው የሚያምህ?» ይላል። የእኛ ሰው ቀና ብሎ «ይመስገን» ይላል። እንግዲህ ይህን እንዴት ትተረጉሙታላችሁ? «ዶክተር፣ በሽተኛው ፈጣሪን እያመሰገነ ነው» ልበል? «ምንም አይል፣ ትንሽ ብቻ ነው» ይላል ደግሞ ሌላው፣ እግሩ ጠቁሮ። ሐኪሙ እኔን ያየኛል፤ እኔ ግድግዳውን አያለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ፣ ከሰው ሕመም ጋር ስተያይ ኖሬ፣ አንድ ቀን ማዳም ሂንዳ ደወለችልኝ።

አዲሱ የናጋድ ባቡር ጣቢያ በፉከራ ተመርቆ፣ ባቡሩ ግን መንገደኛ መጫን ሳይጀምር የቀረበት ሰሞን ነበር። ማዳም ሂንዳን የማውቃት በባሏ በኩል ነው። ባሏ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ትልቅ ወንበር ያለው ሰው ነው፤ ወረቀት ሲያስቸግረኝ አንዳንዴ እሱ ዘንድ እሄዳለሁ። ቤታቸው ሄሮን ሰፈር ነው፣ ከባሕሩ ፊት ለፊት፣ ፈረንሳዮች ከሠሯቸው የእንጨት መስኮት ካላቸው አሮጌ ቤቶች አንዱ። ሶማሌዎች ናቸው። ማዳም ሂንዳ ረዥም፣ ቁጥብ፣ ከአፏ ቃል የሚወጣው በትእዛዝ ብቻ የሚመስል ሴት ናት። በዚያች ቀን ግን ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር።

«ዘነበች ወደቀች» አለችኝ በፈረንሳይኛ። «ልቧ ነው ይላሉ። ቶሎ ና።»

እትዬ ዘነበች የቤቱ ሠራተኛ ናት። የቤቱ ምሰሶ ብል ይሻላል። ከወሎ፣ ከሐይቅ ተነሥታ፣ ድሬዳዋን አልፋ፣ ጅቡቲ የገባችው የማዳም ሂንዳ ልጅ አያን ጡት በምትጠባበት ዘመን ነው። ከሃያ ዓመት በላይ እዚያው ቤት ኖረች። ከጓዳው ጀርባ አንዲት ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አንድ የማርያም ሥዕል። አላገባችም፣ አልወለደችም። አያን በእሷ ጀርባ ላይ አደገች፣ በእሷ እጅ በላች፣ በእሷ እግር ትምህርት ቤት ደረሰች፤ አሁን አግብታ እዚያው ከተማ ውስጥ ቤቷን ይዛለች። ዘነበችና ማዳም ሂንዳ የሚግባቡት በቤት ሶማሊኛ ነበር፣ እሱም በኩሽና ፈረንሳይኛ ተቀይጦ። አምጪ፣ ውሰጂ፣ አጥፊ፣ አብሪ። የዘነበች መልስ አንድ ነው። «ሃየ።» እሺ ማለት ነው።

ታዲያ እኔ ምን አደርጋለሁ? ብዬ ጠየቅኩ። ሐኪሙ ሶማሊኛ ባይችል ነርሶቹ ይችላሉ፤ ዘነበችም የቤት ሶማሊኛ አላት።

«በሶማሊኛ ስትጠየቅ እሺ ብቻ ነው የምትለው» አለች ማዳም ሂንዳ። «በራሷ ቋንቋ የሚጠይቃት ሰው እፈልጋለሁ።»

ብልህ ሴት ናት ብዬ አሰብኩ። ይህን አስተያየቴን ያዙልኝ፤ ከገመትኩት በላይ ብልህ ነበረች።

ዘነበችን ያገኘኋት የልብ ሐኪሞች ባሉበት አንድ ሆስፒታል፣ ነጭ አንሶላ ውስጥ ትንሽ ሆና ነው። ስታየኝ መጀመሪያ ያደረገችው ለመነሣት መሞከር ነበር። እንግዳ ቆሞ እሷ መተኛቷ አሳፍሯት።

«ተኚ እትዬ» አልኳት። እኛ የድሬ ልጆች አንቱታ አይሆንልንም፤ እትዬ ብለን አንቺ እንላለን፣ ማንም አይቀየመንም። «ምን ሆነሽ ነው?»

«ጨጓራዬ ነው።»

«ሐኪሙ ልብሽ ነው ይላል።»

«ልብም ይሁን፤ የተነሣው ከጨጓራ ነው» አለች፣ ፍርዱን ላለመልቀቅ።

ሐኪሙ ለጥቂት ሳምንታት የመጣ ቱኒዚያዊ ነበር፤ ዶክተር ሙንጂ ይባላል። ጠና ያለ፣ ዓይኑ ሥር ከረጢት ያበጀ፣ በሄደበት አገር ሁሉ ተመሳሳይ ሰዎችን ተመሳሳይ ነገር እንደጠየቀ የሚያስታውቅ ሰው። ገና ሳየው ወደድኩት፤ ድካም ድካምን ያውቃል። የልቧ ደም ሥር አንድ ቦታ ላይ ሊደፈን ደርሷል አለ። በእጅ አንጓዋ በኩል ቀጭን ሽቦ እናስገባለን፤ በሽቦው ላይ የተጠቀለለች ፊኛ ትሄዳለች፤ የጠበበው ቦታ ስትደርስ እንነፋታለን። በፊኛዋ ላይ ስስ የብረት መረብ አለ፤ ፊኛዋ ስትነፋ መረቡ ይዘረጋና የደም ሥሩን ግድግዳ ደግፎ ይይዛል። ከዚያ ፊኛዋን አስተንፍሰን እናወጣለን፤ መረቡ እዚያው ይቀራል። በል ንገራት አለኝ።

ነገርኳት። «ፊኛ ያስገባሉ» አልኩ።

ዘነበች ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። «የታመመው ልቤ ነው አላልክም? ፊኛዬ ምን አድርጓቸው ነው?»

ቋንቋችን አንዳንዴ እንዲህ ጉድ ይሠራል። የሽንቱም ፊኛ፣ የልደቱም ፊኛ አንድ ስም ይዘው እየኖሩ በሰላም ጊዜ ማንም ልብ አይላቸውም። ልጆች የሚነፉት ዓይነት ነው ብዬ አስረዳኋት። ትንሽ ሳቀች። ሳቋን ግን መሀል ላይ አቋረጠችው፤ እጇም ደረቷ ላይ ሄደ። ሐኪሙ አየ፣ እኔም አየሁ። «አመመሽ?» አልኳት። «ኧረ ምንም» አለች።

ሐኪሙ ከወጣ በኋላ አንገቴን ወደ እሷ ዝቅ እንዳደርግ በዓይኗ ጠራችኝ።

«ሰይፉ፣ እውነቱን ንገረኝ። ከዚህ በኋላ የጋዝ ሲሊንደር ማንሣት እችላለሁ?»

«ለጊዜው አትችይም።»

«ደረጃስ? ልብሱ እኮ የሚሰጣው ጣራ ላይ ነው።»

«እሱም ቀስ እያልሽ።»

«ለማዳም እንዳትነግርብኝ» አለችኝ። «የማትረባ ሠራተኛ ማን ያስቀምጣል? ዕቃዬን ሰብስበው ይሸኙኛል። አያንን ደግሞ በምን ዓይኔ ልያት?» ልመና እንኳ አልነበረም፤ እንደ ቤት ጉዳይ ነው ቀስ ብላ የነገረችኝ። ሕመሙ ወራት እንዳስቆጠረ ያኔ ገባኝ። ወራት ሙሉ ጨጓራዬ ነው እያለች ለራሷ ስታስተረጉም ኖራለች።

በማግስቱ ጠዋት የእርሳስ ሽርጥ አለበሱኝ። ጨረሩን ይከላከላል አሉ። ክብደቱን ልነግራችሁ አልችልም፤ አንድ በሬ አዝሎ መቆም ነው። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ጅቡቲ ውስጥ እንዲህ ያለ ብርድ መኖሩን አላውቅም ነበር። ዘነበች ጠባብ አልጋ ላይ ተጋድማለች፤ እንቅልፍ አልሰጧትም፣ ሁሉን ትሰማለች። እኔ በራስጌዋ ነኝ። ከፊት ለፊት መስታወት አለ፤ ከመስታወቱ ወዲያ ማሽኖቹን የሚቆጣጠሩት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ከእነሱ ኋላ፣ ባሏ ትልቅ ሰው ስለሆነ ማንም ውጪ ሊላት ያልደፈራት ማዳም ሂንዳ ቆማለች። በመስታወቱ በሁለቱም ወገን ማይክሮፎን አለ። እዚህ የተባለው እዚያ ይሰማል።

ሐኪሙ ሽቦውን እየገፋ ከእኔ ጋር ያወራ ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ የለመደ ሰው ያወራል።

«ፊኛውን ለምን ያህል ጊዜ ነፍተን እንያዘው የሚለው ነገር» አለ፣ «እስከ ዛሬ ያከራክረናል። ወጣት ሳለሁ ነፋ አድርገን ወዲያው እናስተነፍስ ነበር። የዚህች ሴት ደም ሥር ግን ደንድኗል። ቶሎ ብትለቀው ተመልሶ ይኮማተራል፣ መረቡም ሳይዘረጋ ይቀራል። ረጋ ብለህ ከያዝከው መረቡ ግድግዳው ላይ በደንብ ይቀመጣል። ችግሩ፣ ፊኛው ተነፍቶ እስካለ ድረስ ደም አያልፍም። ልብ ደም ሲያጣ ያማል። ለዚህ ነው አንተን የፈለግኩህ። ምን እንደሚሰማት ንገረኝ።»

ፊኛው ተነፋ።

የዘነበችን ፊት አየሁ። ከንፈሯ ነጣ። ጣቶቿ የአንሶላውን ጠርዝ ጨብጠው ያዙ።

«እትዬ፣ ያምሻል?»

«ምንም አይል።»

«ምንም አይል ትላለች» አልኩ። ምን ላድርግ? የተባልኩትን ነው የማስተላልፈው።

ሐኪሙ ቀና ብሎ የልቧን ምት የሚያሳየውን ስክሪን አየ። መስመሩ ቅርፁን መለወጥ ጀምሯል። «እርግጠኛ ናት? ጠይቃት።»

«እትዬ፣ እውነቱን…»

«ደህና ነኝ በለው። እግዜር ይስጠው በለው።»

ሐኪሙ በአረብኛ የሆነ ነገር አጉተመተመና ፊኛውን አስተነፈሰ። ሥዕሉን አየ፤ ራሱን ነቀነቀ። መረቡ መሀል ላይ ወገቡ ታስሮ ቀርቷል። በጣም ፈጠንኩ አለ። ከዚያም የሚያስገርም ነገር ነገረኝ።

«የምትጮህ በሽተኛ ስትሆን አልፈራም» አለኝ። «ሕመሙ ሲጨምር ትነግረኛለች፣ እስክትነግረኝ ድረስ ረጋ ብዬ እይዛለሁ። ዝም የምትለው ናት የምታስፈራኝ። ማሽኑ አንድ ነገር ይላል፣ እሷ ሌላ ትላለች፤ ማንን ልመን? ስለዚህ ፈርቼ እለቃለሁ። እንደገና ልነፋ ነው። አሁን ዝም እንዳትል ንገራት። ፊኛው ተነፍቶ እስካለ ድረስ ታውራ። የሚያማትን ሁሉ ትናገር። እያወራች ከሆነ በሕይወት አለች፣ እኔም ጊዜ አገኛለሁ።»

ይህን ነገርኳት። ዘነበች ዓይኗን ወደ መስታወቱ ላከች።

«ማዳም እዚያ አለች እኮ።»

«ማዳም አማርኛ አታውቅም» አልኳት፣ በሙሉ ልብ። «የፈለግሽውን ተናገሪ። እኔም የማልተረጉመውን አልተረጉምም።»

«የሚያመኝን ሁሉ?»

«ሁሉን።»

ፊኛው ተነፋ። ዘነበች ዓይኗን ጨፈነች። አንዴ አቃሰተች። ከዚያም ጀመረች።

«ያመኛል። ደረቴ ላይ በርሜል ጭነው የተቀመጡበት ያህል ያመኛል። እንዲህ ካመመኝ ቆይቷል። ልብስ ላሰጣ ደረጃውን ስወጣ መሀል ላይ እቆማለሁ፤ ሰው ሲያየኝ ባሕሩን የማይ እመስላለሁ፣ ባሕሩን ማን ያያል? ትንፋሼ አልመጣ ብሎ ነው…»

«ምን ትላለች?» አለ ሐኪሙ።

«ያማታል ትላለች።»

«ይህን ሁሉ?»

«አማርኛ ረዥም ቋንቋ ነው።»

«ጥሩ። ትቀጥል።» እጁ ከፊኛው መቆጣጠሪያ ላይ አልተነሣም።

«…ክንዴን ያመኛል፣ መንጋጋዬን ያመኛል። ይሄ ግን የሥጋ ነው፣ ይቻላል። የማይቻለው የአያን ሰርግ ነው። የአያን ሰርግ ያመኛል። በእኔ ጀርባ አድጋ፣ ኩፍኝ ሲይዛት በእኔ ደረት ላይ ተኝታ፣ ስትሞሸር ሂጂ ጓዳ ያለውን ሩዝ ጠብቂ አሉኝ። ሩዝ እየጠበቅኩ ልጄ ተዳረች። ዘፈኑን ሰማሁት። ልብሷን እንኳ ያየሁት በማግስቱ ታጥቦ ሲመጣ ነው። ማን ጠየቀኝ? ለእህቴ በስልክ ልጄን አንድ ቀን አመጣልሻለሁ እላታለሁ። ሐይቅን አሳያታለሁ፣ ቤታችንን አሳያታለሁ እላለሁ። በየዓመቱ እላለሁ። ውሸታም ሆንኩ በእህቴ ፊት። እሱ ያመኛል…»

እንባዋ ወደ ጆሮዋ ይፈስስ ነበር። እኔ ምንም አልተረጎምኩም። እዚያ ሽርጥ ውስጥ ሆኜ ያን ጊዜ የተመኘሁት አንድ ነገር ቢኖር አማርኛ አለማወቅ ነው።

«አሁን እየባሰባት ነው?» አለ ሐኪሙ።

«ዶክተር፣ ከዚህ የባሰ ያላት አይመስለኝም።»

ፊኛውን አስተነፈሰ። ሁላችንም አብረን የተነፈስን ይመስለኛል። ደሙ እንዲታይ የረጩት ቀለም በደም ሥሯ ውስጥ ሲሮጥ በስክሪኑ ታየ፤ ከወገቡ ታስሮ የነበረው መረብ ተዘርግቷል፣ ደሙ ሳይከለከል ያልፋል። ዶክተር ሙንጂ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲል አየሁት። «ንገራት» አለኝ፣ «ጥሩ አድርገሽ ጮኽሽ በላት።» ቀና ብዬ መስታወቱን ሳይ ማዳም ሂንዳ እዚያ አልነበረችም። ኮሪደሩ ላይ አገኘኋት፤ ሻሿን ፊቷ ላይ ስባ ግድግዳ ይዛ ቆማለች። «ዳነች» አልኳት። «ሜርሲ» ብላ አመሰገነችኝና ሄደች። ደንግጣ ነው ብዬ ተውኳት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ዘነበች ከሆስፒታል ወጥታ ክፍሏ ውስጥ እያገገመች ሳለ፣ ማዳም ሂንዳ እንደገና ደወለች። ዓርብ ነው፤ የጅቡቲ ሰው ሁሉ ምሳውን በልቶ ጋደም የሚልበት ሰዓት። «ከዘነበች ጋር የምነጋገረው ጉዳይ አለኝ፤ መጥተህ አስተርጉምልኝ» አለች። ሃያ ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች ምን አስተርጓሚ ያሻቸዋል ብዬ ልጠይቅ ነበር። መጠየቅም ጉልበት ይጠይቃል። ተነሥቼ ሄድኩ።

ሳሎኑ ውስጥ ሦስታችን ተቀመጥን። ዘነበች በወንበሩ ጠርዝ ላይ ነው የተቀመጠችው፣ ሲጠሯት ለመነሣት ዝግጁ ሆና። ማዳም ሂንዳ በፈረንሳይኛ ጀመረች። አንዲት ወጣት ልጅ መቀጠሯን፣ ከእንግዲህ ሲሊንደሩንም ልብሱንም እሷ እንደምትሸከም ንገርልኝ አለች።

ተረጎምኩ። ዘነበች ፊቷ ተለወጠ። «አባረርኩሽ ማለቷ ነው?»

«አላለችም።»

«ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?»

ማዳም ሂንዳ ቀጥላ የተናገረችውን በቀስታ ነው የተናገረችው። ይቅርታ እንድታደርግላት ጠየቀች።

«ፓርዶን ያለችው ገብቶኛል» አለች ዘነበች፣ አፌን ሳልከፍት። «ስለ ምኑ ነው?»

«ስለ አያን ሰርግ» አልኩ።

የዘነበች ዓይን ከማዳም ላይ ተነሥቶ እኔ ላይ አረፈ። እንዲህ ያለ አስተያየት እንዳይገጥማችሁ እመኝላችኋለሁ። «ስለ ሰርጉ ማን ነገራት? አንተ ነህ?»

«እኔ? ለሐኪሙ እንኳ ያማታል ብቻ ነው ያልኩት!»

«ከአንተ ሌላ ማን ሰማኝ? አማርኛ አታውቅም ያልከኝ አንተ አይደለህም? አመንኩህ እኮ!»

ምዬ ተገዝቼ ላስረዳት ስል ማዳም ሂንዳ በፈረንሳይኛ አቋረጠችኝ። «ምን እንደምትፈልግ ጠይቅልኝ።»

ጠየቅኩ።

ዘነበች ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «ምንም አልፈልግም በላት።»

ወደ ማዳም ሂንዳ ዞርኩ። አፌን ከፈትኩ።

«እሱን አትተርጉምልኝ» አለች ማዳም ሂንዳ።

በአማርኛ። በጥርት ያለ የድሬ አማርኛ፣ የከዚራ ሰፈር ልጅ በሚናገረው፣ እኔው ራሴ በምናገረው።

ዘነበች መጀመሪያ እኔን አየች፣ እኔ የተናገርኩ መስሏት። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ እመቤቷ ዞረች። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያ ጓዳ ውስጥ በስልክ ያወራችው ሁሉ በፊቷ ላይ ሲያልፍ አየሁት።

«ትሰሚ ነበር?» አለች። ማዳም አላለችም።

«እናቴ ድሬዳዋ ሱቅ ነበራት። እዚያ ነው ያደግኩት» አለች ማዳም ሂንዳ። «መጀመሪያ ስትመጪ ሳልነግርሽ ቀረሁ፤ ሠራተኛ ነሽ፣ በቤቱ ቋንቋ ትልመድ አልኩ። ከዚያ በስልክ ማውራት ጀመርሽ። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

«ሁሉን ትሰሚ ነበር?»

«ሁሉን። ስታሚኝም። ልጄን ‹ልጄ› ስትያትም። እሱ ነው ያቃጠለኝ። ሐሙስ ሐሙስ እህትሽ ስትደውል እዚያ በር ጀርባ ቆሜ እሰማሽ ነበር። ‹ልጄ ዛሬ እንዲህ አለች፣ ልጄ ዛሬ እንዲህ አደረገች።› በሰርጉ ቀን ሰው ሁሉ የሙሽራዋ እናት ብሎ እኔን ብቻ እንዲያይ ፈልጌ ነው ጓዳ የላክኩሽ። ሌላ ምክንያት የለውም።»

እንዲህ ያለ ነገር በሦስተኛ ሰው ፊት አይባልም። እኔ ግን እዚያ ነኝ፤ ራሴው ተጠርቼ የመጣሁ። ምንጣፉ ላይ ያለውን አበባ ሳጠና ቆየሁ።

ዘነበች ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ፣ ታለቅሳለች ብዬም ጠበቅኩ። በመጨረሻ ጀርባዋን ወንበሩ ላይ አስደገፈች።

«ሁሉን ከሰማሽ» አለች፣ «እንግዲያው የምፈልገውን ታውቂያለሽ።»

ማዳም ሂንዳ ታውቅ ነበር። «ይዘሻት ሂጂ» አለች በመጨረሻ። «ለእህትሽ አሳያት።»

ተነሥቼ ወጣሁ። ማንም አልሸኘኝም፤ መውጣቴን ያየም የለም።

ዘነበችና አያን የሄዱ ዕለት ልሸኛቸው መኪናው ጋ ሄድኩ። ባቡሩ መንገደኛ ስላልጀመረ በመኪና ነው የሚሄዱት። ዘነበች መድኃኒቷን በቦርሳ ይዛ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ትንሽ ተቀይማኛለች፣ ግን ሰላም አለችኝ። ማዳም ሂንዳ በመስኮቱ በኩል ውኃ ታቀብላለች፣ ዘነበች ደግሞ ውኃው አልቀዘቀዘም ትላለች። አያንን አነጋግሬያት አላውቅም ነበር። በፈረንሳይኛ መንገዱ ረዥም ነው፣ ድንበር ላይ ችግር ከገጠማችሁ ደውሉልኝ፣ አስተረጉማለሁ አልኳት። ልጅቷ ሳቀች።

«አብሽር ጋሼ» አለችኝ፣ ሐይቅ ዳር ተወልዳ ያደገች በሚመስል የወሎ አነጋገር። «እኔ አለሁ አይደል እንዴ።»

ይኸው ነው እንግዲህ። በዚያ ቤት አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ሰው ኖሮ አያውቅም። ቤቴ ገብቼ በጠራራ ፀሐይ ተኛሁ።

አያን ከወር በኋላ ተመለሰች። ዘነበች እዚያው እህቷ ዘንድ ቀረች። ማዳም ሂንዳ በየሳምንቱ ራሷ ትደውልላታለች ይባላል፤ ሲነታረኩ ነው አሉ የሚውሉት። ልቧ ደህና ነው። እህቷ ግን ተማርራለች ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ዘነበች ከመጣች ወዲህ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ወገቧ፣ ስለ ወጡ ጨው፣ ስለ ጎረቤት ዶሮ ሳታማርር የዋለችበት ቀን የለም። ዝም ማለት የሚባለውን ነገር ጨርሳ ረስታዋለች አሉ።

ዶክተር ሙንጂ ቢሰማ ደስ ይለው ነበር።